ያገለገለ የውኃ ሞተር ሲገዙ ሕጉ ምን ያህል ይከላከልልዎታል?

በአዊ ብሔረሰብ ዞን፣ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ዙሪያ፣ ከወንዝና ከእጅ ጉድጓድ ውኃ ስቦ በበጋ ድንችና ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ለአዲስ ሞተር ገንዘብ ሲያጥረው ያገለገለውን ይፈልጋል። የገዛው ሞተር ከጥቂት ቀን በኋላ ሲቆምበት ከሻጩ የሚሰማው መልስ የታወቀ ነው፦ «አይተህ ነው የገዛኸው።» ይህ አባባል በሕግ ፊት ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ገዢው ያየውንና ማየት የነበረበትን ጉድለት ራሱ ይሸከማል፤ ተደብቆ የቆየውን ግን የሚሸከመው ሻጩ ነው። ስለዚህ ሞተሩን ከመግዛት በፊት መፈተሽ የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ፍተሻው በኋላ ለሚነሳ ክርክር መሠረት የሚጥል ሕጋዊ ተግባር ነው፤ በጽሑፍ ካልሰፈረ ደግሞ መብቱ እያለ ማስረጃው ይጠፋል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጩ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል። ቁጥር 2289 ደግሞ ጉድለት የሚባለው ምን እንደሆነ ያብራራል፦ ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት የሚያስፈልገው ጠባይ ከሌለው፣ ወይም ተዋዋዮቹ በግልጽም ሆነ በዝምታ ላሰቡት ልዩ አገልግሎት የማይሆን ከሆነ ጉድለት አለበት። «ያገለገለ ዕቃ ነው፤ መበላሸቱ አይቀርም» የሚለው የሻጮች ክርክር ክብደት አለው። አምስት ዓመት ከሠራ ሞተር የአዲስ ጉልበት መጠበቅ አይቻልም፤ የላስቲክና የቀለበት መበላት ከዕድሜው ጋር የሚመጣ ነው። ሆኖም እርጅና ሌላ፣ ከሽያጩ በፊት የተሰነጠቀ የሞተር ራስ ሌላ። ሕጉ ዋስትናውን ለአዲስ ዕቃ ብቻ አልወሰነውም።

ከዚህ አንድ ብልጥ የሚመስል ጥያቄ ይነሳል፦ ያወቅሁት ጉድለት መብቴን የሚያሳጣኝ ከሆነ ባልፈትሽ አይሻለኝም? አይሻልም። በውሉ ጊዜ ገዢው ያወቀው ብቻ ሳይሆን በከባድ ቸልተኝነት ካልሆነ በቀር ሊያመልጠው የማይችል ግልጽ ጉድለትም ከዋስትናው ውጭ ነው። ከገዛ በኋላም ቢሆን ዕድሉን እንዳገኘ ዕቃውን እንዲመረምር ቁጥር 2291 ያስገድደዋል። ስለዚህ ሞተሩን ሳይሞቅ ያስነሱት፤ ቀድሞ የተሞቀ ሞተር የመነሳት ችግሩን ይደብቃል። ጭሱን ይመልከቱ፦ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እያቃጠለ ነው፤ ጥቁር ከሆነ ነዳጁ በዝቷል ወይም የአየር ማጣሪያው ታፍኗል። ዘይቱ ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል። ፓምፑን ባዶውን አያስነሱት፤ ውኃ ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ ያሠሩትና በዘንጉ በኩል የሚያፈስ መሆኑን ይዩ። እነዚህን መካኒክ ያልሆነ ሰውም ሊያያቸው ስለሚችል ዳኛ ፊት «አላየሁም» ብሎ ማሳመን ያስቸግራል። በአንጻሩ ሞተሩ ተፈትቶ ካልሆነ የማይታይን ስንጥቅ መፈለግ ከገዢው አይጠበቅም።

በእኛ አካባቢ ከሁሉ ይበልጥ የሚዘነጋው ከፍታው ነው። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው፤ ዳንግላም ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር በእንጅባራ ከፍታ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። መሬት ላይ ተቀምጦ ውኃ የሚስብ ፓምፕ በባሕር ወለል ላይ በንድፈ ሐሳብ ከ10 ሜትር ጥልቀት ሊስብ ቢችል፣ እዚህ ወደ 7 ሜትር ተኩል ይወርዳል፤ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ቆላ ላይ በደንብ ይሠራ የነበረ ሞተር እዚህ ውኃ አልስብ ቢል ሻጩ «ሞተሩ ጤነኛ ነው» ሲል ሐቅ ይዟል። ገዢውን የሚያድነው ልዩ አገልግሎቱ በውሉ መጻፉ ብቻ ነው፦ «በዚህ ቀበሌ፣ ይህን ያህል ሜትር ጥልቀት ካለው ጉድጓድ ውኃ እንዲስብ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ለተንቀሳቃሽ ዕቃ ሽያጭ ሕጉ የጽሑፍ ውል አያስገድድም፤ ግዴታ አለብህ የሚል ሰው ግን ግዴታው መኖሩን ማስረዳት አለበት። ብዙዎች ጎረቤትን ወይም ዘመድን «ፈርም» ማለት ነውር ይመስላቸዋል፤ ጠብ ቢነሳም ሽማግሌ ይፈታዋል ይላሉ። ሽምግልናን እኔም እመርጠዋለሁ። ሽማግሌ ግን የሚፈርደው በተነገረው ላይ ነው፤ የተነገረው ሲካካድ እሱም ይቸገራል። ውሉ ላይ የሞተሩ ስምና ተከታታይ ቁጥር፣ ዋጋው፣ ፍተሻው ምን እንዳሳየና ሻጩ «ተፈትቶ አያውቅም» ወይም «ዘይት አይበላም» ብሎ የተናገረው ይስፈር፤ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙ። ሻጩ በግልጽ ያረጋገጠው ነገር ሐሰት ሆኖ ሲገኝ «አይተህ ነው» የሚለው መከላከያው ይዳከማል። «ምንም ዋስትና የለውም» ብሎ ማጻፍም ጉድለቱን እያወቀ የደበቀ ሻጭን አያድነውም። የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ያድነኛል ብለው ግን አይዘናጉ፦ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ያለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው፤ ለገበያ የሚያመርት ገበሬ በዚህ ትርጉም መግባቱ አከራካሪ ነው።

ሞተሩ ጉድለት የሌለበት ቢሆንም የማን እንደሆነ ይጠይቁ። የመጀመሪያ ደረሰኙን ይመልከቱ፤ የማኅበር ከሆነ አንድ አባል ብቻውን ሊሸጠው ስለማይችል ቃለ ጉባኤ ይጠይቁ። የተሰረቀ ሆኖ ከተገኘ ባለቤቱ መጥቶ ሊወስደው ይችላል።

ጉድለቱ ከገዙ በኋላ ከታየ ሞተሩን ወዲያው ለሌላ መካኒክ አያስፈቱ። የፈታው ሰው አበላሸው የሚል ክርክር ይከተላልና አስቀድመው ለሻጩ ይንገሩት፤ ሲፈታም እንዲገኝ ይጋብዙት። በቁጥር 2292 መሠረት ጉድለቱን እንዳወቁ ሳይዘገዩ፣ ምን ዓይነት ጉድለት እንደሆነ ገልጸው ማሳወቅ አለብዎት፤ ያዘገየ ገዢ መብቱን ሊያጣ ይችላል። ክሱም ካሳወቁበት ቀን አንሥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ሽምግልናው እየተጓተተ ይህ ጊዜ እንዳያልፍ ይጠንቀቁ። ጉድለቱ ከባድ ከሆነ ውሉ እንዲፈርስ፣ ገንዘብዎ እንዲመለስና ኪሳራዎ እንዲካስ መጠየቅ ይችላሉ። ሻጩ በተንኮል አታልሎ ያስፈረመዎት ከሆነ ደግሞ ተንኮሉን ካወቁበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ውሉ እንዲሰረዝ መጠየቅ ይቻላል።

የመጨረሻው ማሳሰቢያ ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ወገኖች ነው። በቁጥር 1728 መሠረት ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ፊርማ፣ በውል አዋዋይ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ሻጩ ወይም ገዢው እንዲህ ያለ ሰው ከሆነ ገንዘቡን ከመቁጠርዎ በፊት አብረው ወደ ሰነድ አረጋጋጭ ወይም ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ይሂዱ።