አረጋውያን ባልና ሚስት በአንድ የአገልግሎት ሳምንት

ለጥናት የሚነበብ፦ ነህምያ ምዕራፍ 3፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18

ነህምያ ምዕራፍ 3ን በጉባኤ ፊት እንዲያነብ የታዘዘ ሰው ብዙውን ጊዜ ፊቱ ይጠቁራል። ምዕራፉ ከዳር እስከ ዳር የስም ዝርዝር ነውና። እገሌ ይህን በር ሠራ፤ ከእርሱም ቀጥሎ እገሌ ያንን ቅጥር አደሰ እያለ ይሄዳል። ይሁን እንጂ ታግሦ ላነበበው ሰው በዝርዝሩ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተሰውረው ይገኛሉ። በቁጥር 5 ላይ የቴቁሔ ሰዎች ሲሠሩ መኳንንቶቻቸው ግን ለሥራው ዝቅ ማለትን እንዳልወደዱ ተነግሮአል። በቁጥር 12 ላይ ደግሞ የኢየሩሳሌምን ግዛት እኩሌታ ያስተዳድር የነበረ አንድ አለቃ ከሴቶች ልጆቹ ጋር ሆኖ ቅጥሩን ሲያድስ እናገኘዋለን። የአለቃው ስም ተጽፎ እስከ ዛሬ ይነበባል። የመኳንንቱን ስም ግን ጸሐፊው አንዱንም አላነሣም።

ዛሬ የምናጠናው ከዚያ አለቃ ወገን ስለ ነበሩ አንድ ባልና ሚስት ነው። እነርሱም የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጂሚ ካርተርና ባለቤታቸው ወይዘሮ ሮዛሊን ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአገራችን ስማቸው የሚታወቀው በ1989 በወቅቱ የነበረውን የኢትዮጵያ መንግሥትና የኤርትራን ሕዝባዊ ግንባር በአትላንታ ለማደራደር በመሞከራቸው፣ ከዚያም በኋላ እርሳቸው ያቋቋሙት ድርጅት በአማራ ክልል የትራኮማን በሽታ ለመከላከል በሠራው ሥራ ነው። እኛ ግን የምንመለከተው ሌላውን፣ አነስተኛ የሚመስለውን ሥራቸውን ነው። ይኸውም ከ1984 እስከ 2019 ድረስ ባልና ሚስቱ በየዓመቱ አንድ ሳምንት እየለዩ ለሌላ ሰው ቤት ሲሠሩ መኖራቸው ነው።

ነገሩ የጀመረው በክብር ጊዜ አይደለም። አቶ ካርተር በኅዳር 1980 ምርጫ ተሸንፈው በጥር 1981 ከሥልጣን ሲወርዱ ዕድሜያቸው 56 ነበረ። ወደ ትውልድ መንደራቸው ወደ ፕሌንስ ሲመለሱም የኦቾሎኒ ንግዳቸው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ውስጥ ገብቶ አገኙት። አብረዋቸው ይሠሩ የነበሩት ሰዎች ለስንብት ያበረከቱላቸው ስጦታ ደግሞ የአናጢ መሣሪያ ነበረ። ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ ወይ ያኮርፋል፣ ወይ የትላንቱን እያወራ ይኖራል። እነዚህ ባልና ሚስት ግን ሌላ መንገድ አገኙ። መንገዱን የጠረጉላቸው ሌሎች ባልና ሚስቶች ስለ ሆኑ፣ ስለ እነርሱም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል።

ከፕሌንስ ብዙም በማይርቅ ስፍራ፣ አሜሪከስ በምትባል ከተማ አጠገብ፣ በ1942 ክላረንስና ፍሎረንስ ጆርዳን ከማርቲንና ሜብል ኢንግላንድ ጋር ሆነው ኮይኖኒያ የተባለ እርሻ አቋቋሙ። ጥቁርና ነጭ በአንድ ማዕድ የሚበላበት እርሻ ስለ ነበረ በ1950ዎቹ ጎረቤት ሁሉ አደመበት፤ ዕቃ የሚሸጥለትም የሚገዛለትም ጠፋ፤ ጥይትም ተተኮሰበት። በ1965 ሚላርድና ሊንዳ ፉለር የተባሉ ባልና ሚስት ወደዚያ መጡ። ሚላርድ ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ሚሊዮነር የሆነ ሰው ነበረ። ሆኖም ገንዘቡ ቤቱን ሊያፈርሰው ደርሶ፣ ሚስቱ ጥላው ሄዳ ነበረ። ሲታረቁ ሀብታቸውን ለመስጠት ተስማሙ። ከዚያም በዛየር አገር ቤት ሲሠሩ ቆይተው ተመለሱና በ1976 ሀቢታት ፎር ሂዩማኒቲ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ድርጅቱ ከ1993 ጀምሮ በአገራችንም ይሠራል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አሠራሩን ማስተዋል ይገባናል፤ የጥናታችን እምብርት እርሱ ነውና። ቤቱ በነጻ አይሰጥም። ቤት የሚሠራለት ቤተ ሰብ በራሱና በሌሎች ቤት ላይ በመቶ የሚቆጠር ሰዓት በጉልበቱ ይሠራል። ከዚያም የቤቱን ዋጋ ለብዙ ዓመታት በጥቂት በጥቂቱ ይከፍላል። ሲጀመር የነበረው ደንብ ትርፍ አይጨመርበትም፣ ወለድም አይታሰብበትም የሚል ነበረ። ይህም በዘጸአት 22፥25 ለድሀ ያበደረ ሰው ወለድ እንዳይጭንበት ከታዘዘው የተወሰደ ነው። የሚከፈለው ገንዘብ ተመልሶ ለሚቀጥለው ሰው ቤት ይውላል። እንግዲህ ባለቤቱ ተመጽዋች አይደለም ማለት ነው። ዛሬ የተሠራለት ነገ ለሌላው ሠሪ ነው። የገጠሩ ሰው ይህን በመጽሐፍ ሳይማረው ያውቀዋል፤ ወንፈል የምንለው እኮ ይኸው ነው። ደቦ ጠርቶ ጎጆውን ያቆመ ሰው የጎረቤቱ ተራ ሲደርስ ቢቀር በመንደሩ ምን ይባል እንደ ነበር ወላጆቻችሁን ጠይቁ።

በመስከረም 1984 ካርተርና ባለቤታቸው ከሌሎች በጎ ፈቃደኞች ጋር ከጆርጂያ እስከ ኒው ዮርክ በአውቶቡስ ተጓዙ። የሄዱበት ሥራ በከተማይቱ ምሥራቃዊ ክፍል ያለ፣ ወለሉ የተቃጠለ፣ ጣሪያው የተነደለ፣ ማንም የተወው ፎቅ ነበረ። ፎቁ ታድሶ ለ19 ቤተ ሰቦች መኖሪያ ይሆናል ተባለ። ያደሩት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተደራራቢ አልጋ ላይ ነው። ወይዘሮ ሮዛሊን በመዶሻ ሥራ ልምድ አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ወለል ሲነጠፍ ሚስማር መቺ ሆነው ዋሉ። ከዚያ ወዲህ ሳምንቱ በየዓመቱ ማለት ይቻላል ይደረግ ነበር።

የሳምንቱ አካሄድ የታወቀ ነው። እሑድ ሠራተኞቹ ይሰበሰባሉ። ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት በጸሎትና በአጭር ቃል ተከፍቶ ሁሉም ወደየተመደበበት ቤት ይሄዳል። በእያንዳንዱ ቤት ሥራውን የሚያውቅ ኀላፊ አለ፤ ባለቤቱም ከሠራተኞቹ ጋር ተሰልፎ ጣውላ ይሸከማል፣ ሚስማር ይመታል። ግድግዳው ይቆማል፣ ጣሪያው ይወጣል፣ ቀለሙ ይቀባል። አቶ ካርተር በሥራ ሰዓት ወሬ አይወዱም ነበረ። ፎቶግራፍ የሚፈልገው ሰው ብዙ ስለ ነበረም ከየቤቱ ሠራተኞች ጋር በተወሰነ ሰዓት አንድ ጊዜ ይነሡና ወደ መጋዛቸው ይመለሱ ነበር። በመጨረሻው ቀን ለባለቤቶቹ የቤቱ ቁልፍና አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ይሰጣል። በዚህ ዓይነት በ35 ዓመት ውስጥ በ14 አገሮች ከ4,300 የሚበልጡ ቤቶች ተሠርተዋል ወይም ታድሰዋል፤ ከመቶ ሺህ በላይ በጎ ፈቃደኞችም አብረዋቸው ሠርተዋል።

ባልና ሚስት አብረው ሲያገለግሉ ሁልጊዜ ሰላም ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር ይሳሳታል። ሁለቱ በ1987 አንድ መጽሐፍ በአንድነት ሲጽፉ ትዳራቸው እስኪናጋ ድረስ ተጣሉ። አንዱ የሚያስታውሰውን ነገር ሌላው እንዲህ አልነበረም ይላል። በመጨረሻ የተገኘው መፍትሔ የማይስማሙበትን አንቀጽ ማን እንደ ጻፈው በስም የመጀመሪያ ፊደል ማመልከት ሆነ፤ መጽሐፉም እንዲሁ ታተመ። እንግዲህ አብሮ ሚስማር መምታት አብሮ ከመጻፍ ይቀላል ማለት ይሆን? ያም ሆነ ይህ ማታ ማታ መጽሐፍ ቅዱስን እየተፈራረቁ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡ ነበር። ለትምህርት እንዲሆናቸው ብዙ ጊዜ በስፓንኛ ያነቡት እንደ ነበር ይታወቃል። ከሰባ ሰባት ዓመት ትዳር በኋላ ወይዘሮ ሮዛሊን በኅዳር 2023፣ አቶ ካርተርም በታኅሣሥ 2024 በመቶ ዓመታቸው ዐረፉ።

አቂላንና ጵርስቅላን እዚህ ላይ እናንሣ። በአዲስ ኪዳን ስማቸው የተነሣው ስድስት ጊዜ ሲሆን፣ በስድስቱም ጊዜ የተነሡት አብረው ነው። አንዱ ያለ ሌላው ተጽፎ አይገኝም። ዕድሜያቸው ስንት እንደ ነበር መጽሐፉ አይነግረንም፤ ስለዚህ ሽማግሎች ነበሩ ብለን አንጨምርበትም። የምናውቀው በቀላውዴዎስ ትእዛዝ ከሮሜ መባረራቸውን፣ ድንኳን ሰፊዎች መሆናቸውንና ጳውሎስም በቆሮንቶስ በቤታቸው ተቀምጦ ያንኑ ሥራ አብሯቸው መሥራቱን ነው። አጵሎስ በምኵራብ ሲናገር ሰምተው የጎደለውን ያስረዱት ወደ እነርሱ ወስደው፣ ለብቻው ነው። ወጣቱን ሰባኪ በሰው ፊት አላሳፈሩትም። ይህ ብልኀት ከመድረክ የሚገኝ አይመስለኝም፤ ለዓመታት አብረው አንድ ድንኳን የሰፉ ባልና ሚስት የሚማሩት ነው።

ስለ አንድ ሳምንት አገልግሎት ጠንካራ ተቃውሞ እንዳለም መሸሸግ አይገባም። ለመንገድ የሚወጣው ገንዘብ ለአካባቢው አናጢ ደመወዝ ቢሆን ይሻል ነበር፤ መዶሻ አያያዝ የማያውቅ እንግዳ መጥቶ የሠራውን በኋላ ባለሙያ አፍርሶ ይሠራዋል የሚሉ አሉ። ክርክራቸው ከንቱ አይደለም። ከሥራው ይልቅ ጉዞው የሚታሰብበት ሳምንት ብዙ ነውና። የካርተርን ሳምንት ከዚህ የሚለየው ግን ሳምንቱ ብቻውን አለመቆሙ ነው። እነርሱ ከመምጣታቸው አስቀድሞ መሬቱ ተገኝቶአል፣ ቤተ ሰቦቹ ተመርጠዋል፣ መሠረቱ ተጥሎአል። እነርሱ ከሄዱም በኋላ በስፍራው የሚቀር ድርጅት አለ። በሄይቲ በጥር 2010 የምድር መናወጥ ከደረሰ በኋላ በኅዳር 2011 ሌኦጋን በተባለ ስፍራ መቶ ቤቶችን ለመሥራት ሄዱ፤ በሚከተለው ዓመትም ወደዚያው ስፍራ ተመለሱ። መመለሳቸው እኔን ከቁጥሩ ይበልጥ ደስ ያሰኘኛል።

ሰውየው በፊት ሌላ ዓይነት የወንጌል ሥራም ሞክረው ነበር። በ1966 ለጆርጂያ አገረ ገዢነት ተወዳድረው ከተሸነፉ በኋላ፣ በፔንሲልቬንያና በማሳቹሴትስ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ወንጌል ለመመስከር ሄደው ነበር። በማሳቹሴትስ አብሯቸው የዞረው ኤሎይ ክሩዝ የተባለ ከኩባ የመጣ መጋቢ ነበረ። ከእርሱ የተማሩትን ነገር እስከ ሽምግልናቸው ይናገሩት ነበር። ይኸውም ክርስቲያን የሚያስፈልገው ሁለት ፍቅር ብቻ ነው፤ አንዱ ለእግዚአብሔር፣ ሁለተኛውም በዚያች ሰዓት በፊቱ ለቆመው ሰው ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ፍቅር ከሩቅ ሆኖ የሚፈጸም አይደለም፤ በፊትህ የቆመው ሰው ስም አለውና፣ ጣሪያውም የት ላይ እንደሚያፈስ ያውቃል።

በ2017 በካናዳ፣ በዊኒፔግ ከተማ፣ የ92 ዓመቱ ሽማግሌ ውኃ ጥም ጎድቶአቸው በሥራ ላይ ሳሉ ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ፤ በማግሥቱ ጠዋት ግን ተመልሰው ለሥራ ተገኙ። በጥቅምት 2019 ደግሞ 95 ዓመት በሞላቸው በሳምንቱ በቤታቸው ወድቀው ቅንድባቸው በ14 ስፌት ተሰፋ። በዚያው ዕለት ማታ ናሽቪል ደረሱ፤ ሰኞም ዓይናቸው እንደ ጠቆረ ለበረንዳ የሚሆን እንጨት ሲሠሩ ዋሉ። ወይዘሮ ሮዛሊንም በ92 ዓመታቸው አብረው ነበሩ። የመጨረሻው ሳምንታቸው ይህ ሆነ። ይህን ስጽፍ አረጋውያን በፀሐይ እስኪወድቁ ይሥሩ ማለቴ አይደለም፤ የሐኪም ምክር የሚሰማ ሽማግሌ ብልህ ነው። የማዝነው በቤተ ክርስቲያናችን ስድሳ ዓመት ሞልቶት ጡረታ የወጣ ሰው ከሥራ ዝርዝር ወጥቶ ከፊተኛው ወንበር ላይ ብቻ ሲቀመጥ ነው። ስንት አናጢ፣ ስንት ነርስ፣ ስንት የሂሳብ ሠራተኛ እንዲሁ ተቀምጦ አለ! ሚስቶቻቸውም ሙሽራ ለማሰናዳትና ለቅሶ ለመድረስ ካልሆነ አይጠሩም።

የራሳችንን የአገልግሎት ሳምንት በዚህ መመዘን ይገባናል። ሳምንቱን የምናደርገው በክረምት ነው፤ ምክንያቱ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያን ጊዜ በመሆኑ ነው። ክረምት ደግሞ ለቤት ሥራ ከሁሉ የከፋ ወቅት ነው፤ ምርጊቱ አይደርቅም፣ ጣሪያ ላይ የወጣ ሰውም ያንሸራትተዋል። አሮጊቷ እናታችን ጣሪያቸው እንዲጠገን የሚፈልጉት ሰኔ ሳይገባ ነው። እኛ የምንደርሰው ቤቱ ካፈሰሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ቀኑን የመረጥነው ለማን ብለን ነው? ሥራውን የሚያውቁ ባልና ሚስት ከመካከላችን መርጠን ከፊታችን አስቀድመናል? ባለቤቲቱስ ጭቃ ስናቦካ ከእኛ ጋር ያቦካሉ፣ ወይስ ወንበር ተሰጥቶአቸው ያዩናል?

ለሚመጣው ሰንበት እያንዳንዱ ቡድን በሰፈሩ ካሉት ቤቶች የአንዱን ባለቤት አነጋግሮ ይምጣ። አብሮም የሚሄዱ አንድ አረጋውያን ባልና ሚስት ይጋብዝ፤ እምቢ ቢሉም ሁለተኛ ይለምናቸው። ቤቱ ምን እንደሚያስፈልገውና በየትኛው ወር እንደሚሻል ባለቤቱ ይናገር፤ ቡድኑ ግን እርሱ ያለውን ጽፎ ይመለስ።