ትርፋችንን ወይስ የምንወደውን?



በፈተና ሰሞን አንድ ፍሬሽ ወንድማችን ዶርማችንን ሲያንኳኳ የማንፈልገውን የአምና ሀንድአውት ሰጥተን እንሸኘዋለን። አንድ ሰዓት ቁጭ ብለን ማስረዳት ግን ይከብደናል፤ የምንሳሳው ለጊዜያችን ነውና።

አቡ ጦልሓ (ረ.ዐ) ከመዲና አንሷሮች መካከል በተምር ዛፍ ሀብታም ነበሩ። አብልጠው የሚወዱት ከነቢዩ መስጂድ ፊት ለፊት የነበረውን በይሩሓእ የተባለ የአትክልት ስፍራ ነበር። ከሚወዱት ስለ መለገስ የሚናገረው የሱረቱ አሊ ዒምራን 92ኛ አንቀጽ ሲወርድ ያንኑ ሰጡ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ለዘመዶቻቸው እንዲያደርጉት መከሯቸው።

ትርፋችንን ስንሰጥ ሎከራችን ይጸዳል፤ የምንወደውን ስንሰጥ ልባችን ከስስት ይፈታል። የምንመኘው እርካታም ከዚያ ይጀምራል። ዛሬ ከዒሻ በኋላ ያለችንን አንድ ሰዓት ለማን እንስጥ? አላህ ይቀበለን፤ አሚን።