የሰሜኑ ገዥ ረዳኢ

ውድ ወላጆቻችን፣ የተከበራችሁ ሽማግሌዎቻችን፤

በዚህ ጽሑፍ ስለ ቤተ እስራኤሉ ገዥ ስለ ረዳኢ ያጠናነውን እናቀርብላችኋለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ፖላንድ አይሁዶች ታሪክ ብዙ ይጻፋል። በ1264 ቦሌስዋፍ የተባለው መስፍን በካሊሽ ከተማ ለአይሁዶች የጥበቃ ደብዳቤ ሰጣቸው። እነሱ የኖሩት በሌላ ሕዝብ መስፍን ጥበቃ ሥር ነው። በኢትዮጵያ ግን ቤተ እስራኤል ከራሳቸው ወገን የሆኑ ገዥዎች ነበሯቸው።

አገራቸው ራስ ዳሽን የሚገኝበት የሰሜን ተራራ ነው። የተራራው ከፍታ ከ4,500 ሜትር ይበልጣል። አምባዎቹ በገደል ስለተከበቡ ለጠላት አይመቹም።

መከራው የጀመረው ከረዳኢ በፊት ነው። ከ1414 እስከ 1429 የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ ይሁን ብለው እንዳወጁ ይነገራል። በሰሜን አምባዎች ግን ወገኖቻችን መሬታቸውንና ገዥያቸውን ይዘው ቆዩ።

ረዳኢ የገዛው በዐፄ ሠርጸ ድንግል ዘመን (1563–1597) ነው። ለንጉሡ ግብር አልሰጥም አለ። ተራሮቹንም በመጽሐፍ ቅዱስ ተራሮች ስም፣ አንዱን ሲና፣ አንዱን ታቦር ብሎ ጠራቸው። ይህን በግዕዝ የጻፈው የንጉሡ ጸሐፊ ነው፤ የጻፈውም ረዳኢን ትዕቢተኛ ብሎ ለመንቀፍ ነው። እኛ ስናነበው ግን የምናየው ናፍቆትን ነው። ሰው አገሩን ሲናፍቅ በስሟ ይጠራል።

ንጉሡ ብዙ ጦር ይዘው ዘመቱ። ቤተ እስራኤልም ከአምባው ላይ ድንጋይ እያንከባለሉ ተዋጉ። ጸሐፊው ጠላት ሆኖ ሳለ ጀግንነታቸውን አልደበቀም። አንዲት ሴት ተማርካ፣ እጇ ከማራኪዋ እጅ ጋር ታስሮ ስትሄድ፣ ገደል አፋፍ ላይ «አዶናይ» ብላ ዘለለች፤ እሱንም ይዛው ወደቀች ብሎ ጽፏል። አዶናይ ማለት እኛም ዛሬ በምኩራብ የምንጠራው ስም ነው።

በመጨረሻ ረዳኢ እጁን ሰጠና ከአገሩ ተጋዘ። በ1587 ጎሸን በሚባለው መሪ ላይ ሌላ ዘመቻ ሆነ። ከዚያ ጌዴዎን ተነሣ፤ እሱም በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን (1607–1632) ተገደለ። የሰሜን ርስትም ተወሰደ።

መሬት የተነጠቀ ሕዝብ በእጁ ሥራ ይኖራል። ዐፄ ፋሲል በ1636 ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ ቤተ እስራኤል በግንበኝነት፣ በአናጢነትና ብረት በመቀጥቀጥ አገለገሉ። ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ስለዚህ «ቡዳ» እያሉ የሰደቧቸው ሰዎች የሚንቁት ሥራ የመጣው ከመሬት መነጠቅ ነው፤ ሥራውም የሚያኮራ እንጂ የሚያሳፍር አይደለም።

እዚህ አገር አንዳንድ ሰው የኢትዮጵያ አይሁድ ታሪክ በ1984፣ በሙሴ ዘመቻ የጀመረ ይመስለዋል። ረዳኢ ግን ከዚያ 400 ዓመት ያህል ቀድሞ ነበረ።

የረዳኢን ታሪክ የጻፈው ያሸነፈው ወገን ነው። የተሸነፈው ወገን ታሪክ ያለው በቃል ነው፤ ቃሉም ያለው በእናንተ ዘንድ ነው። እኛ በአቲቆት የምናድግ ልጆች ዕብራይስጥ እናነባለን እንጂ የሰሜንን አምባ አላየንም። ስለዚህ የአምባዎቹን ስም፣ ከአባቶቻችሁ የሰማችሁትንም ሁሉ ንገሩን፤ እኛም እንጽፈዋለን።