ቀና ስትል ራሷን ለሚያማት አራስ

ልጄ፣ የሰመመን ባለሙያ ሆነሽ ሥራ ጀምረሻል። በኦፕራሲዮን ለሚወልዱ እናቶች ብዙ ጊዜ የምትሰጪው የወገብ መርፌ ነው። መርፌው ከወጣ በኋላ ስለሚመጣው ጣጣ እነዚህን ያዢልኝ።

1. አልጋዋ ድረስ ሄደሽ ጠይቂያት። በማግስቱም በሳልስቱም "ቀና ስትዪ ራስሽን ያምሻል?" በያት። ገንፎ ሊያጎርሷት ደግፈው ሲያስቀምጧት ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ ይወጥራታል፤ ስትጋደም ይለቃታል። ቤተሰብ "ብርድ መቷት ነው" ይላል። እሷ ግን ተቀምጣ ልጇን ማጥባት አቅቷታል። መርፌው ዱራ የሚባለውን ሽፋን በበሳበት በኩል የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ፈሳሽ ወደ ውጭ እየሰረገ ነው። ፈሳሹ በአዋቂ ሰው ውስጥ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ሲጎድል አንጎል ተንሳፍፎ የቆየበትን ድጋፍ ያጣል።

2. ራስ ምታት ሁሉ ከመርፌው ነው ብለሽ አትደምድሚ። ተኝታም ካልተዋት፣ ትኩሳት ካላት፣ ማጅራቷ ከገተረ፣ ካንዘፈዘፋት፣ አንድ ጎኗ ከዛለ ወይም የደም ግፊቷ ከፍ ካለ ሐኪም በአስቸኳይ ይያት። በእርግዝና የሚመጣው የደም ግፊት ከወሊድ በኋላም ይነሣል።

3. መርፌሽን ምረጪ። ካገኘሽ ቀጭኑን፣ ጫፉ እንደ እርሳስ የተቀረፀውን ያዢ፤ ዊታከር ወይም ስፕሮት የሚባሉትን። ትራስ ነሥቶ ቀኑን ሙሉ በጀርባ ማስተኛት ግን ራስ ምታቱን አይከላከልም፤ እናቶችን በከንቱ አታንገላቺ።

4. ቀለል ያለው በፓራሲታሞል፣ በቂ ፈሳሽ በመጠጣትና በቡና ታግዞ በሁለት ሳምንት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ይተዋል። አላስቀምጥ ያላትን ግን "ይለፍልሻል" ብለሽ አትተያት። ሐኪሙ ኦገስት ቢየር በ1898 እ.ኤ.አ. ይህን ማደንዘዣ በራሱ ወገብ አስሞክሮ ያው ራስ ምታት ለቀናት አስተኝቶታል። መድኃኒቱ ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ መጣ፦ በ1960 እ.ኤ.አ. ሐኪሙ ጄምስ ጎርምሊ የታካሚውን የራሱን ደም ጥቂት ሚሊ ሊትር ኤፒዱራል ውስጥ፣ ማለትም ከዱራ ውጭ ባለው ክፍተት፣ መስጠት እንደሚያሽል ጻፈ። ብለድ ፓች የምንለው ይህ ነው።

ሁለት ሆናችሁ ሥሩት፤ ልምድ ያለው ሰው ሳይኖር አትጀምሪ። ፈቃዷን ተቀበሉ። አንዱ በቱሂ መርፌ ኤፒዱራሉን ሲያገኝ ሌላው ክንዷን በደንብ አጽድቶ፣ ከጀርም የጸዳ ጓንት አድርጎ ደም ይቀዳል። ዛሬ የተለመደው መጠን 20 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ቀስ ብላችሁ ስጡ፣ እያነጋገራችኋትም፤ ወገቧ ወይም እግሯ ላይ ሕመም ሲጀምራት አቁሙ። ደሙ ግፊቱን ስለሚመልስ አንዳንዷ ወዲያው ይቀላታል፤ ሲረጋ ደግሞ ቀዳዳውን ይደፍናል። ትኩሳት ላላት፣ ደም ማቅጠኛ ለምትወስድ፣ ወገቧ ላይ ቁስል ላለባት አይሰጥም።

5. ከዚያ በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ትተኛ። ለጥቂት ቀናት ጀሪካን አታንሣ፣ አታጎንብስ። ወገቧን ቢያማት እንዳትደነግጥ አስቀድመሽ ንገሪያት። ሕመሙ ከተመለሰ ሁለተኛ ፓች ሊያስፈልግ ይችላል።

6. አንዳንዶቹ ራስ ምታቱ የሚጀምራቸው ቤታቸው ከገቡ በኋላ ነው። ስለዚህ ስትወጣ ለእሷም ለአስታማሚዋም ምልክቱንና የት እንደምትመለስ ሳትነግሪ፣ አደራሽን፣ አትሸኚያት።