የሚያሳክክ የራስ ቆዳ፦ ስለ ውኃ፣ ስለ ቅባትና ስለ ግድግዳ

መግቢያ

የራስ ቆዳ ማሳከክ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን እንቅልፍ ይነሳል፣ ትምህርትና ሥራ ያስተጓጉላል፣ በሰው ፊትም ያሳፍራል። በአገራችን ራሱን ለሚያሳክከው ሰው ዘመድም ጎረቤትም ቀድሞ የሚሰጠው ምክር «ደርቆብህ ነው፤ ቅቤ ተቀባ» የሚል ነው። ይህ ምክር አንዳንድ ጊዜ ይረዳል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ችግሩን ያባብሰዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ልዩነቱ ከምን እንደሚመነጭ ማስረዳት ነው። ጸሐፊው የፊዚክስ መምህር እንጂ ሐኪም ስላልሆነ፣ ጽሑፉ የሐኪምን ምርመራ አይተካም። ይሁን እንጂ ጉዳዩ በአብዛኛው ውኃ በቆዳ በኩል የሚያደርገውን ጉዞ የሚመለከት በመሆኑ ፊዚክስ የሚለው ነገር አለው።

1. ግድግዳው

የቆዳችን የመጨረሻው የላይኛው ሽፋን ከ10 እስከ 20 ማይክሮ ሜትር ገደማ የሚደርስ ውፍረት አለው። ይህም ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ተመራማሪዎች ይህን ሽፋን በጡብ ግንብ መስለውታል። ጡቦቹ ጠፍጣፋ የሞቱ ሕዋሳት ናቸው፤ በጡቦቹ መካከል ያለው ማያያዣ ደግሞ ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና ነፃ የስብ አሲዶች ናቸው።

ከግንቡ በታች ያለው አካል በውኃ የተሞላ ነው፤ ከግንቡ በላይ ያለው አየር ደግሞ ደረቅ ነው። ውኃ ከበዛበት ወደ አነሰበት ስለሚሰርግ ያለማቋረጥ ይወጣል። ይህን ሂደት የሚገልጸውን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1855 ያቀረበው አዶልፍ ፊክ በሙያው የሕክምና ሰው ነበር። በሕጉ መሠረት የሚወጣው የውኃ መጠን በውስጥና በውጭ ባለው የውኃ ክምችት ልዩነት ይጨምራል፤ በግድግዳው ውፍረት ይቀንሳል፤ ግድግዳው ውኃን በቀላሉ የሚያሳልፍ ሲሆን ደግሞ እንደገና ያድጋል። ከአንድ ካሬ ሜትር ጤናማ ቆዳ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚተነው ውኃ ከ5 እስከ 10 ግራም ገደማ ነው። ግድግዳው ሲሰነጠቅ መጠኑ በብዙ እጥፍ ሊያድግ ይችላል።

ኤክዜማ፣ በአማርኛ ችፌ የምንለው፣ ይህ ግድግዳ ሲደክምና የሰውነት መከላከያ ሲቆጣ የሚታይ ችግር ነው። ፊላግሪን በተባለው፣ ሽፋኑን በሚያጠናክረው ፕሮቲን ዘረ መል ላይ የሚገኝ ጉድለት ለኤክዜማ እንደሚያጋልጥ እ.ኤ.አ. በ2006 ተረጋገጠ። ግኝቱ በአውሮፓውያን ላይ የተመሠረተ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ላይ የታተመ ጥናት ግን ይህን መሰል ጉድለት ከአንድ አዲስ ለውጥ በስተቀር አላገኘም። ስለዚህ በአንድ ሕዝብ የተገኘ ምክንያት ለሌላው ሕዝብ በቀጥታ አይተላለፍም፤ የግድግዳው መድከም ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ነው።

2. አየሩና ካስኩ

እስኪ አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። በበጋ ማለዳ፣ የአየሩ ሙቀት 8 ዲግሪ ሴልሽየስ ሲሆንና አየሩ በውኃ ተን ጠግቦ ሳለ፣ የተኑ ግፊት 1.07 ኪሎ ፓስካል ነው። ያው አየር እኩለ ቀን ላይ ወደ 22 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ለመጥገብ 2.64 ኪሎ ፓስካል ያስፈልገዋል። አዲስ ተን ካልተጨመረ አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 40 በመቶ ይወርዳል። ይኸው አየር በፀጉር ቤት ካስክ ውስጥ 50 ዲግሪ ቢደርስ፣ መጥገቢያው ከ12 ኪሎ ፓስካል ስለሚያልፍ እርጥበቱ 9 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ክረምት ሲገባ ራሳቸው የሚያሳክካቸው በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ በ0 ዲግሪ የጠገበ አየር ቤት ገብቶ 22 ዲግሪ ሲደርስ አንጻራዊ እርጥበቱ 23 በመቶ ነው።

እንግዲህ ግድግዳው የተሰነጠቀበት ሰው ካስክ ውስጥ ረጅም ጊዜ መቀመጡ፣ የተበሳ እንስራን ፀሐይ ላይ እንደ ማስቀመጥ ነው።

3. የማከክ አዙሪት

ማይክሮፎን ወደ ድምፅ ማጉያ ሲጠጋ የሚሰማውን ጩኸት ሁላችንም እናውቀዋለን። ማይክሮፎኑ የተቀበለውን ድምፅ ማጉያው አጉልቶ ይመልሰዋል፤ ማይክሮፎኑም እንደገና ይቀበለዋል። እያንዳንዱ ዙር ካለፈው ከበለጠ ጩኸቱ ያድጋል፤ ካነሰ ግን በራሱ ይጠፋል።

የራስ ቆዳም እንዲሁ ነው። ስናክክ የሚፈጠረው መጠነኛ ሕመም የማሳከኩን ስሜት ለጊዜው ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ እፎይታ ይሰማናል። ሆኖም ጥፍር ግንቡን ያፈርሳል፤ ውኃ ይወጣል፣ የሚያስቆጡ ነገሮች ይገባሉ፣ ቆዳው ይቆጣል፣ ይበልጥም ያሳክካል። አዙሪቱን ለመስበር በሁሉም ቦታ መዝመት አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ ዙር ካለፈው እንዲያንስ ማድረግ ይበቃል። ጥፍርን ማሳጠር፣ ከማከክ ይልቅ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃዎች ማሳረፍ ትንሽ ነገር ቢመስልም የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

4. ቅባት ውኃ አይደለም

ብዙ ሰው ቅባት ቆዳን «ያረጥባል» ብሎ ያምናል። ቅባት ግን ውኃ የለውም ወይም እጅግ ጥቂት ነው ያለው፤ ሥራው ያለውን ውኃ እንዳይወጣ መክደን ነው። ስለዚህ በደረቀ ቆዳ ላይ ከሚቀባ ይልቅ ከታጠቡ በኋላ፣ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ቢቀባ ይሻላል።

ሁለተኛው ቁም ነገር ከዚህ የከበደ ነው። በሁላችንም የራስ ቆዳ ላይ ማላሴዚያ የተባለ እርሾ መሰል ፈንገስ ይኖራል። ቋቁቻን የሚያመጣውም የዚሁ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የአንደኛው ዝርያ ሙሉ ዘረ መል ሲነበብ፣ የስብ አሲድን በራሱ መሥራት የሚያስችለው ዘረ መል እንደሌለው ታወቀ። ስለዚህ ስብን ከእኛ ይወስዳል። ስቡን ሲሰባብር የሚተርፉት አሲዶች ቆዳውን ያስቆጣሉ፤ ፎረፎርና ሴቦሪክ ኤክዜማ የሚባለው የሚመጣው በአብዛኛው ከዚህ ነው።

በቤተ ሙከራ ማላሴዚያን ለማሳደግ የወይራ ዘይት በምግብነት ይጨመርለታል። ለጋ ቅቤም የስብ አሲዶች ስብስብ ነው። ቫዝሊን ግን ከነዳጅ ዘይት የሚገኝ ሃይድሮካርቦን በመሆኑ ለፈንገሱ ምግብ አይሆነውም። እንግዲህ ቅቤ ለደረቀ ፀጉር የሚሰጠውን ጥቅም ማንም አይክድም፤ ፎረፎር በበዛበት የራስ ቆዳ ላይ መቀባት ግን ጠላትን መቀለብ ሊሆን ይችላል።

5. የትኛው ነው?

ቅርፊቱ ቢጫማና ቅባታም ከሆነ፣ በቅንድብ፣ በአፍንጫ ጎንና ከጆሮ ጀርባም ከታየ፣ ሴቦሪክ ኤክዜማን እንጠርጥር። ቆዳው ደረቅ ከሆነ፣ ችግሩ ከልጅነት ጀምሮ ካለና በክርንና በጉልበት እጥፋት ላይም ከታየ፣ ወይም በቤተሰቡ አስም ካለ፣ የተለመደው ችፌ ሊሆን ይችላል። የፀጉር ቀለም ወይም ማለስለሻ ከተቀቡ በኋላ የጀመረ ከሆነ ምክንያቱ ኬሚካሉ ሊሆን ይችላል። በጥቁር ቆዳ ላይ መቆጣቱ ቀይ ሆኖ ላይታይ፣ ጠቆር ወይም ነጣ ያለ ሆኖ ሊታይ እንደሚችል ልብ ይሏል። ነጭ ፍሬ መሰል ነገር ፀጉሩ ላይ ተጣብቆ አልራገፍ ካለ ደግሞ ፎረፎር ሳይሆን ቅጫም ነው።

6. ምን እናድርግ?

ሀ. በፈላ ሳይሆን ለብ ባለ ውኃ እንታጠብ። የቆዳ ፒኤች 5 ገደማ ነው፤ የልብስ ሳሙና 9 ወይም ከዚያ በላይ ነው። ይህ የ4 ልዩነት በሃይድሮጅን አዮን ክምችት ሲሰላ የ10,000 እጥፍ ልዩነት ነው። ስለዚህ ሽታና ቀለም ያልበዛበት ለስላሳ ሻምፖ ይመረጣል።

ለ. ለሴቦሪክ ኤክዜማ ኬቶኮናዞል 2 በመቶ ያለው ሻምፖ የተለመደ መድኃኒት ነው። የሚቀባው ፀጉሩ ላይ ሳይሆን የራስ ቆዳው ላይ ነው፤ ሳይታጠብም ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይቆያል። ብዙ ጊዜ በሳምንት ሁለቴ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይታዘዛል። ፀጉሩ ቶሎ የሚደርቅበት ሰው በሳምንት አንድ ጊዜ ቢጠቀም፣ ቅባቱንም ከቆዳው ይልቅ በፀጉሩ ዘለላ ላይ ቢያደርግ ይመረጣል።

ሐ. ካስክን ማቀዝቀዝና ማሳጠር፣ ቆዳው ቁጡ ሳለም ማለስለሻ፣ ቀለምና ጠበቅ ያለ ሹሩባ መተው ይገባል።

መ. ስቴሮይድ ያለበትን ቅባት ከመድኃኒት ቤት በራስ ውሳኔ ገዝቶ መጠቀም አደገኛ ነው። ይህ በተለይ ለሕፃናት የሚያሠጋ ነው። በልጅ ራስ ላይ ክብ መላጣና የተሰበረ ፀጉር ከታየ ቆረቆር ሊሆን ይችላል። ቆረቆር በሚዋጥ መድኃኒት እንጂ በቅባት ብቻ አይድንም። ስቴሮይድ ሲቀባበት ማሳከኩ ይረግባል፤ ፈንገሱ ግን ተሸሽጎ ይስፋፋል። ሕክምናው ከዘገየ የጠፋው ፀጉር ላይመለስ ይችላል።

መግል፣ ትኩሳት፣ የአንገት እጢ እብጠት ወይም የፀጉር መርገፍ ከታየ፣ ወይም ከአራት ሳምንት ጥንቃቄ በኋላ ለውጥ ካልመጣ፣ ወደ ቆዳ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

የሚያሳክክ የራስ ቆዳ ሁሉ ደረቅ አይደለም፤ ደረቅ የሆነውም ቅባት ብቻ አያድነውም። ኤክዜማ በአብዛኛው ተመላልሶ የሚመጣ እንጂ አንድ ጊዜ ታክሞ የሚረሳ ችግር አይደለም። በመሆኑም ግቡ ግድግዳውን መጠበቅ፣ ፈንገሱን አለመቀለብና አዙሪቱን ገና ሲጀምር መስበር ነው። ቅቤው ከመቅረቡ በፊት «ይህ ቅርፊት ደረቅ ነው ወይስ ቅባታም?» ብሎ መጠየቅ ከብዙ ሥቃይ ያድናል።

ለአንባቢ የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በ10 ዲግሪ የጠገበ አየር የተን ግፊቱ 1.23 ኪሎ ፓስካል ነው። አየሩ 22 ዲግሪ ሲደርስ አንጻራዊ እርጥበቱ ስንት ይሆናል?
2. ቫዝሊን በደረቀ ቆዳ ላይ ከሚቀባ ይልቅ በእርጥብ ቆዳ ላይ ቢቀባ የሚሻለው ለምንድን ነው? በፊክ ሕግ አስረዱ።