ስለ መጀመሪያው ሕገ መንግሥት

ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ሰጡ። ረቂቁን ያሰናዱት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፥ በ1881 ዓ.ም. የታወጀውን የጃፓንን ሕገ መንግሥት ምሳሌ አደረጉ፤ ጃፓን ዘውዷን ጠብቃ በአዲስ ሥርዐት በርትታ ነበርና።

ሕጉ 55 አንቀጽ ነበረው፤ ሁለት ምክር ቤትም አቆመ። የሕግ መወሰኛውን አባሎች ንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር፤ የሕግ መምሪያውን ግን ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት እንዲመርጡ ተወሰነ። ለዚያ መብቃት ግን ሕጉ ዘመንም መለኪያም አላኖረለትም። ሕዝቡ እንደራሴዎቹን እንዲመርጥ የተፈቀደለት በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። ስለዚህ መምህሩ ይህን ሲያስተምር፥ «ሕዝብ በቅቷል ብሎ የሚፈርድ ማን ነው?» ብሎ ደቀ መዛሙርቱን ይጠይቅ።