በአቦከር ቤት መግዛት፣ መሸጥና የሊዝ ዘመን ማሳደስ

በአቦከርም ሆነ በሌላው የሐረር ክፍል ለገበያ የሚቀርበው ቤቱ ነው፤ መሬቱ አይሸጥም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ መሸጥ መለወጡን ከልክሏል። ቤቱ ያረፈበት ቦታ የሚያዘው በነባር ይዞታነት ወይም በሊዝ ነው። ነባር የሚባለው የከተማ ቦታ በሊዝ መተዳደር ከመጀመሩ በፊት በሕጋዊ መንገድ የተያዘው ሲሆን፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ ያሉት አሮጌ የግል ቤቶች በአብዛኛው በዚህ ይመደባሉ።

ልዩነቱ ከሻጩ ይልቅ ገዢውን ይነካል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 በአንቀጽ 6 እንዳስቀመጠው፣ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ በማናቸውም መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው። ሻጩ በየዓመቱ አነስተኛ የአፈር ግብር እየገበረ የኖረበትን ግቢ ገዢው የሊዝ ውል ፈርሞ ይረከባል። ስለዚህ ዋጋ ከመቁረጥ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄዶ የአካባቢውን የሊዝ መነሻ ዋጋና በዚህ ግቢ ላይ የሚመጣውን ክፍያ መጠየቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ደላላ ይህን ሒሳብ አያነሳም፤ ማንሳቱም አይጠቅመውም።

ቀጥሎ የሚጣራው ቤቱ የማን እንደሆነ ነው። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ተወርሰው በቀበሌና በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገብተዋል። ሐረር ውስጥ ዛሬም በቀበሌ ቤት የሚኖር ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ነዋሪ አባቱም አያቱም እዚያው ቤት ቢኖሩ ተከራይ ነው፤ የሚሸጠው ቤት የለውም። ቁልፍ ለማስረከብ ገንዘብ ቢቀበል ገዢው የሚያገኘው መብት የለም፤ አስተዳደሩ ቤቱን መልሶ ቢወስድም ክስ የሚያቆምበት ውል በእጁ አይኖርም።

ቤቱ የግል ከሆነ ካርታው ይታያል። የካርታው ቁጥር፣ የቦታው ስፋት፣ አዋሳኞቹና የባለቤቱ ስም ማዘጋጃ ቤት ካለው ማኅደር ጋር መመሳከር አለባቸው። የካርታ ኮፒ ብቻ ይዞ ዋጋ የሚያስማማ ሻጭ ዋናው የት እንዳለ መጠየቅ አለበት፤ ዋናው ካርታ ብዙ ጊዜ ለብድር መያዣ ሆኖ ባንክ ይገኛል። መያዣ ቤቱን ተከትሎ ይሄዳልና ገዢው የሻጩን ዕዳ ሊሸከም ይችላል። ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ የሚጠየቀውም ለዚሁ ነው። ደብዳቤው በተጻፈ ማግስት እገዳ ሊመጣ ስለሚችል፣ ከውሉ ቀን ብዙ የራቀ ቀን ያለው ደብዳቤ ዋጋው ትንሽ ነው።

ጀጎል ውስጥ ከሁሉ የሚያስቸግረው የወራሾች ጉዳይ ነው። አባት ከሞተ ሃያና ሠላሳ ዓመት ቢያልፍም ካርታው በአባት ስም እንደተቀመጠ፣ አንዱ ልጅ ሐረር፣ ሌላዋ ድሬዳዋ፣ ሌላው ቶሮንቶ ሆነው ቤቱ ሳይከፋፈል ይቆያል። ሐረር ያለው ልጅ ግብሩን ስለሚገብር ቤቱ የእሱ ይመስላል፤ ሆኖም ብቻውን መሸጥ አይችልም። መጀመሪያ የወራሽነት ማረጋገጫ ከመደበኛው ፍርድ ቤት፣ ወይም ወገኖቹ ከፈቀዱ ከሸሪዓ ፍርድ ቤት ይወጣል፤ ከዚያ ስሙ ወደ ወራሾቹ ይዞራል፤ ሽያጩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ሁሉም ሲፈርሙ ነው። ውጭ አገር ያለ ወራሽ በወኪል መፈረም ይችላል። ነገር ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት ለአጠቃላይ ጉዳይ የተሰጠ ውክልና ቤት ለመሸጥ አይበቃም፤ ቤት መሸጥን ለይቶ የሚጠቅስ ልዩ ውክልና፣ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ተረጋግጦ፣ በአገር ውስጥም ተመዝግቦ መቅረብ አለበት። ወካዩ በሕይወት መኖሩንና ውክልናው አለመሻሩን መጠየቅም አያሳፍርም፤ ወካዩ ሲሞት ውክልናው በመሠረቱ ይቀራልና።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ የግድ ነው። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላል። ያልፈረመው ወገን ሽያጩን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢበዛም ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲያፈርሰው ሊጠይቅ ይችላል። ካርታው በአንዱ ስም ብቻ መሆኑ የጋራነቱን አያስቀረውም። ላላገባ ደግሞ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ይጠየቃል።

አሮጌ የሐረሪ ቤት የሚገዛ ሰው ከዚህ ሌላ ሁለት ነገር ያያል። አንደኛው ድንበር ነው፦ ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው፣ አንድ በርና አንድ ግቢ የሚጋሩት ብዙ ስለሆኑ የመተላለፊያ መብትና የውኃ መውረጃው በውሉ ላይ በጽሑፍ መስፈር አለባቸው። ሁለተኛው ቅርስነት ነው። ሐረር ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ደግሞ ቅርስን ለመጠገን ቅድሚያ ፈቃድ እንዲገኝ ያዛል። ነደባውን፣ ማለትም የሐረሪ ቤት መቀመጫ መደቡን፣ አፍርሶ ሴራሚክ ለማንጠፍ ወይም ፎቅ ለመጨመር ያሰበ ገዢ ሐሳቡን የክልሉ ቅርስ መሥሪያ ቤት ዘንድ መጠየቅ ያለበት ከመግዛቱ በፊት ነው።

ማጣራቱ ሲያልቅ ቀብድ ይከፈላል። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ሲያፈርስ ቀብዱን ይለቃል፤ የተቀበለው ሲያፈርስ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት መዝገብ ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መፈረም እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ይደነግጋል። በሽማግሌና በእማኝ ፊት ብቻ የተጻፈ የመንደር ውል ለስም ዝውውር አያበቃም፤ ሻጩ የካደ ዕለትም ገዢውን ከባድ ሙግት ውስጥ ይከተዋል። ቀረጥ ለመቀነስ ሲባል በውሉ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ መጻፍ በሁሉም ዘንድ የተለመደ ይመስላል፤ ውሉ ቢፈርስ ግን ገዢው በማስረጃ የሚያስመልሰው በወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ነው።

ከውሉ በኋላ የስም ዝውውር ይቀራል። በ1990ው የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110 ቀረጡ ከንብረቱ ዋጋ 2 በመቶ ነው፤ ባለሥልጣኑም የራሱን ግምት ሊያወጣ ይችላል። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ደግሞ ከማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በሚገኝ ጥቅም ላይ 15 በመቶ ተጥሏል፤ የመኖሪያ ቤት ሻጭ ነፃ መሆን አለመሆኑን ከገቢዎች መጠየቅና ማን እንደሚከፍል በውሉ መወሰን ያስፈልጋል። ባለቤትነት የሚተላለፈው በመዝገብ ሲሰፍር ስለሆነ፣ ከዋጋው የተወሰነው ካርታው በገዢው ስም እስኪወጣ በባንክ ታግዶ ቢቆይ ይመረጣል።

ኮንዶሚኒየም ሲሆን ከ1995ቱ አዋጅ ቁጥር 370 መነሳት ያስፈልጋል፦ ገዢው ከክፍሉ ጋር በደረጃው፣ በጣሪያውና በግቢው ላይ የማይነጠል ድርሻ ያገኛል፤ ከነዋሪዎች ማኅበርም ውዝፍ መዋጮ እንደሌለ ደብዳቤ ይቀበላል። አዲስ አበባ በ1997 ዓ.ም. ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 19 በዕጣ የተገኘ ቤት አምስት ዓመት ሳይሞላው ከውርስ በቀር እንዳይተላለፍ ከልክላለች፤ በሐረርም የመጀመሪያው ውል እንዲህ ያለ ገደብ እንዳለው ማንበብ ይገባል። በሊዝ ተወስዶ ግንባታው ያልተጀመረ ወይም ግማሽ ያልደረሰ ቦታ ደግሞ የሚሸጠው በመንግሥት አካል ክትትል ነው። ሻጩ የከፈለውን ሊዝ ከነወለዱ፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከሊዝ ማስተላለፊያው 5 በመቶ ይወስዳል፤ ቀሪው የመንግሥት ነው።

የመኖሪያ ቤት ሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው። የመጀመሪያው የሊዝ አዋጅ የወጣው በ1986 ዓ.ም. ስለሆነ የዚያን ዘመን 99 ዓመት ያገኘ ሰው ቀኑ የሚደርሰው በ2085 ዓ.ም. ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ ለንግድ 70፣ ለኢንዱስትሪ 80 ዓመት ስለሚሰጥ፣ ንግድ ቤት የሚገዛ ሰው የቀረውን ዓመት ቆጥሮ ዋጋ ይነጋገራል። በአዋጅ 721 አንቀጽ 19 መሠረት ዕድሳት የሚጠየቀው በጽሑፍ፣ ዘመኑ ሊያበቃ ከ10 እስከ 2 ዓመት ሲቀረው ነው። ክፍያው በዚያን ጊዜው የሊዝ መነሻ ዋጋ ይታሰባል። መሥሪያ ቤቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ውሳኔውን በጽሑፍ ካላሳወቀ እንደተስማማ ይቆጠራል፤ አመልካቹ ማመልከቻውን ያስገባበት ቀንና የመዝገብ ቤት ማኅተም ያለበትን ግልባጭ ከካርታው ጋር ማስቀመጥ የሚኖርበት ለዚህ ነው።